ሰምና ወርቅ ያለው ርግጫ

የብራዚል ባሮች የጀመሩት፣ ሕግ የከለከለው፣ በመጨረሻም ዓለም ያከበረው የእግር ጥበብ

አንባቢ ሆይ፣ በቅሎ ረግጣዎት ታውቃለች?

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ በኢተያ ከተማ የገበያ ቀን የዋለ ሰው ይህን ጥያቄ እንደ ቀልድ አይቈጥረውም። እህል የተጫነች በቅሎ ዐይኗን ጨፈን አድርጋ ጸጥ ብላ ቆማለች። አላፊ አግዳሚው የተኛች ይመስለዋል። አንዱ ችኩል ሳያስብ በስተኋላዋ ሊያልፍ ሲል ራሷን ዝቅ ታደርግና፣ ክብደቷን በሙሉ በፊት እግሮቿ ላይ ጥላ፣ ሁለቱን የኋላ እግሮቿን ታወናጭፋቸዋለች። ከዚያም ተመልሳ እንደ ቀድሞዋ ጸጥ ትላለች፤ አንዳች ነገር ያደረገች አትመስልም። ጉዱ ያለው መሬት ላይ ከተዘረጋው ሰውዬ ዘንድ ነው።

ከውቅያኖስ ማዶ ባለችው በብራዚል አገር ይህንኑ የበቅሎ አመታት ሰው ሲያደርገው ይታያል። ሁለት እጆቹን መሬት ላይ ይተክላል፤ ጀርባውን ለባላጋራው ይሰጣል፤ ከዚያም በሁለት እግሮቹ ወደ ኋላ ይራገጣል። የምቱም ስም በአገሩ ቋንቋ በፖርቱጋልኛ «ኮይሲ ጂ ሙላ» ይባላል። ትርጓሜውም ሳይጨመር ሳይቀነስ «የበቅሎ ርግጫ» ማለት ነው። ይህ ርግጫ «ካፖዌራ» የሚባለው የትግል ጨዋታ ካሉት ብዙ የእግር ምቶች አንዱ ነው።

ብራዚል ለኛ እንግዳ ስም አይደለችም። ኳስ የሚወድ ሰው ፔሌን ያነሣል። ቡና ነጋዴ በዓለም ገበያ ያላትን ድርሻ ያነሣል። ሸምገል ያለ ሰው ደግሞ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በአዲስ አበባ ሲነሣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጉብኝት የሄዱት ወደ ብራዚል እንደ ነበረ ያስታውሳል። የብራዚል ባሮች በገዛ እግራቸው ያቆሙት ጥበብ ግን በአገራችን ብዙም አልተነገረለትም። ዛሬ ወጣቱ በስልኩ መስተዋት ላይ የዓለሙን ርግጫ ሁሉ እየተመለከተ እግሩን ወደ ሰማይ ለመወርወር ስለሚቸኩል፣ ነገሩን ከሥሩ ብንነግርዎ ሳይጠቅም አይቀርም። ለማስረዳትም ብራዚል ድረስ አንወስድዎትም፤ በኢተያ ዙሪያ ካሉት የእህል ማሳዎች መካከል አንድ ውድማ ይበቃናል።

ውድማውና መንኰራኵሩ

እስቲ በጥር ወር ከአንድ ውድማ ላይ ይቁሙ። ዛሬ በአርሲ ሜዳ ብዙውን ስንዴ ኮምባይነር አጭዶ ይወቃዋል፤ ቢሆንም የውድማን ቅርጽ የማያውቅ ገበሬ የለም። ክብ ነው፤ ተጠርጎ በእበት የተለቀለቀ፣ የተደለደለ ነው። በሬዎቹ በዚያ ክብ ውስጥ ይዞራሉ እንጂ ከክቡ አይወጡም።

የካፖዌራ ሜዳም እንዲሁ ነው። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ ወይም ይቀመጣሉ። ክቡ «ሮዳ» ይባላል፤ መንኰራኵር ማለት ነው። በአንድ ወገን የሙዚቃ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ይደረደራሉ፤ የመሣሪያዎቹም ሁሉ አለቃ «ቢሪምባው» ነው። ቢሪምባው እንደ ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ያለው ነው። ማሲንቆ በደጋን ይገዘገዛል፤ ቢሪምባው ግን በቀጭን ዘንግ ይመታል። በረጅም የጐበጠ እንጨት ላይ ሽቦ ተወጥሮ፣ ወደ ታችኛው ጫፍ አፉ የተቈረጠ ቅል ይታሰርበታል። ተጫዋቹ ጠጠር ወይም ሳንቲም ወደ ሽቦው እያስጠጋ ድምፁን ያቀጥነዋል፣ ያወፍረዋል። ቢሪምባው ሲቀዘቅዝ ጨዋታው ይቀዘቅዛል፤ ሲፈጥንም ይፈጥናል። ሁለት ተጫዋቾች ከቢሪምባው እግር ሥር ቁጢጥ ብለው፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው፣ ወደ ክቡ መካከል ይገባሉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብራዚሎች ካፖዌራን «እንጫወት» ይላሉ እንጂ «እንዋጋ» አይሉም። ይህ ለኛ ግራ አይሆንም። የገና ጨዋታ ራስ እየፈነከተ፣ ጉግስ ፈረሰኛን ከኮርቻው እየጣለ «ጨዋታ» ይባሉ የለምን?

የካፖዌራን ምሥጢር ለመረዳት ለአማርኛ ተናጋሪ የሚሻለው ምሳሌ ግን ከቅኔ ቤት የሚገኘው ነው፤ ይኸውም ሰምና ወርቅ። ውዝዋዜው፣ ዘፈኑና ጭብጨባው ሰሙ ነው። በውስጡ የተሸሸገው ርግጫ ወርቁ ነው። ጥሩ ባለ ቅኔ ወርቁን አፍርጦ እንደማይናገር ሁሉ፣ ጥሩ ተጫዋችም ምቱን ሁልጊዜ አያሳርፍም። ተረከዙን ከባላጋራው ጉንጭ አንድ ስንዝር ሲቀረው ያቆመዋል ወይም ያሳልፈዋል። «ልመታህ እችል ነበር፤ አልመታሁህም» ማለቱ ነው። በክቡ ዙሪያ የቆሙትም ነገሩ ይገባቸዋል፤ ያልተመታውም ሰው ከተመታ ይልቅ ያፍራል።

ዢንጋ፣ የማይቆም እግር

ርግጫው የሚጀምረው ከርግጫ አይደለም። በውድማው አፈር ላይ በበትር ሦስት ነጥብ ያድርጉ፤ ሁለቱን ከፊት ጐን ለጐን፣ አንዱን ከኋላ በመካከላቸው። ሁለቱ እግሮችዎ በፊተኞቹ ነጥቦች ላይ ይሁኑ። ቀኝ እግርዎን ወደ ኋለኛው ነጥብ ይላኩ፤ ያን ጊዜ ቀኝ ክንድዎ ፊትዎን ይጠብቅ። ቀኙን ወደ ቦታው መልሰው ግራውን ይላኩ፤ አሁን ጠባቂው ግራ ክንድ ነው። ጉልበትዎ ሸብረክ፣ ወገብዎ ዝቅ ይበል። ይህ ከጐን ወደ ጐን መወዛወዝ «ዢንጋ» ይባላል። ያለ ዢንጋ ካፖዌራ የለም።

ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ዢንጋ እስክስታ ያላወቀ ሰው የሚጨፍረው ጭፈራ ይመስላል። ሥራው ግን ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ የሚወዛወዝን ሰው አነጣጥሮ መምታት ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ እግር ሁልጊዜ ከኋላ ስለ ሆነ ለመወርወር የተዘጋጀ ነው። የሰው አንድ እግር ከመላው ሰውነቱ ክብደት አንድ ስድስተኛ ያህላል። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ወጣት እግሩን ሲወረውር አሥር ኪሎ ስንዴ በከረጢት አድርጎ እንደሚወረውር ይቍጠሩት። ከረጢቱም ከሩቅ በመጣ መጠን ፍጥነቱና ጉልበቱ ይበዛል። ስለዚህ ዢንጋ ጭፈራም፣ መሸሸጊያም፣ መንደርደሪያም ነው።

ቀጥ ያሉት ምቶች

የካፖዌራ ርግጫዎች በሁለት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ፤ ቀጥ ብለው የሚሄዱና ዞረው የሚመጡ።

ከቀጥታዎቹ የመጀመሪያው «ቤንሳዎ» ነው። ጉልበት ወደ ደረት ይነሣና የእግር ውስጥ ወይም ተረከዙ የባላጋራን ደረት ይገፋል፤ የተዘጋ በር በእግር እንደሚከፈት ማለት ነው። የሚያስደንቀው ስሙ ነው፤ «ቤንሳዎ» ማለት ቡራኬ ነው። ጌቶች በጠዋት ባሮቻቸውን እየባረኩ ቀኑን ሙሉ ያሠቃዩአቸው ስለ ነበር ምቱ ይህን ስም አገኘ የሚል ትውፊት በመምህራኑ ዘንድ ይነገራል። ትውፊቱ እውነት ቢሆንም ባይሆንም፣ በስሙ ውስጥ ያለውን ሽሙጥ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያጣጥመዋል።

ሁለተኛው «ፖንቴይራ» ነው፤ ጣቶች ወደ ላይ ታጥፈው ከጣቶቹ ሥር ያለው የመርገጫ ሥጋ ሆድን ወይም ደረትን የሚወጋበት ነው። ሦስተኛው «ሻፓ» ሲሆን ጐን ዞረው የእግርን ውስጥ ጠፍጣፋ አድርገው የሚመቱት ነው። በእነዚህ ላይ «ማርቴሉ» ይጨመራል፤ መዶሻ ማለት ነው። ጉልበቱ ወደ ጐን ከተነሣ በኋላ እግሩ ከጉልበት በታች ተወርውሮ በአውራ እግር ላይኛው ክፍል ጐድንን ወይም ጆሮ ግንድን ይመታል። እንደ ቀጥታዎቹ አጭርና ፈጣን ነውና ከእነርሱ ጋር ቈጠርነው እንጂ የሚመጣው ከጐን ነው። ቴኳንዶ የተማረ ወጣት ማርቴሉን ሲያይ «ይህንንስ ዐውቀዋለሁ» ማለቱ አይቀርም።

ማጭዱና ኮምፓሱ

የካፖዌራ ልዩ መልክ ያለው ግን ዞረው በሚመጡት ዘንድ ነው። የመጀመሪያው «ሜያ ሉዋ ጂ ፍሬንቺ» ይባላል፤ የፊት ግማሽ ጨረቃ ማለት ነው። የኋላው እግር ሳይታጠፍ ከውጭ ተነሥቶ በባላጋራ ፊት ላይ ወደ ውስጥ ያልፋል፤ የእግሩ ውስጠኛ ጠርዝም ስለት ይሆናል። ኢተያ ላይ ስንዴ ያጨደ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ማጭድ ነው። «ኬሻዳ» የእርሱ ግልባጭ ነው። እግሩ ከውስጥ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ የሚመታው ውጭኛው ጠርዝ ነው። ስሙም አገጭ ከሚለው ቃል የተገኘ ስለ ሆነ ወዴት እንደሚያነጣጥር መንገር አያስፈልግም።

«አርማዳ» ከኬሻዳ አንድ እርምጃ ይርቃል። ተጫዋቹ ፊተኛውን እግሩን አሻግሮ ይረግጥና ጀርባውን ለባላጋራው ሰጥቶ ይሽከረከራል። መጀመሪያ ራሱ ይዞራል፤ ዐይኑ ባላጋራውን ካገኘ በኋላ ትከሻው፣ ከትከሻው በኋላ ወገቡ፣ በመጨረሻ እግሩ ይመጣል። ጅራፍ የሚያጮኽ እረኛ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። እጀታው ቀድሞ ይሄዳል፤ ጫፉ ኋላ ቢመጣም ከሁሉ ይፈጥናል።

የሁሉም ንጉሥ «ሜያ ሉዋ ጂ ኮምፓሱ» ነው። ለልጅዎ ለትምህርት ቤት የገዙለትን ኮምፓስ ያስቡ። አንዱ እግሩ ወረቀቱ ላይ ይተከላል፤ ሌላው ዙሪያውን ክብ ይጽፋል። ተጫዋቹም ፊተኛውን እግሩን አሻግሮ ይተክልና ወገቡን አጥፎ ወደ መሬት ይወርዳል። እጁን መሬት ያስነካል፤ በክንዱ ሥር አጮልቆ ባላጋራውን ያያል። ያን ጊዜ የኋላው እግር ተዘርግቶ፣ ተረከዙ ከፊት፣ አየሩን እየቀደደ ዙሪያውን ይጠርጋል። ራሱ ከመሬት አጠገብ ስለ ሆነ የባላጋራው ቡጢ በላዩ ያልፋል፤ ተረከዙ ግን ወደ ባላጋራው ጆሮ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ መሸሽም መምታትም ነው። የቀደሙት ሰዎች የሚወዱት የዚህ ዘመድ «ራቦ ጂ አራያ» ይባላል፤ ጅራቷ መርዝ ያለው የባሕር ዓሣ አለች፣ ስሙ የእርሷ ጅራት ማለት ነው።

እዚህ ላይ የበቅሎዋን ጉዳይ እንደገና ያስታውሱ። ራሷን ዝቅ አድርጋ ክብደቷን በፊት እግሮቿ ላይ ባትጥል ኖሮ የኋላዎቹ እግሮቿ ነጻ ባልሆኑ ነበር። ካፖዌራ ሰውን ተገልብጦ እንዲቆም የሚያስተምረው ለትርኢት ብቻ አይደለም። እጅ መሬት ሲይዝ እግር አርነት ይወጣል።

እግሬ አውጪኝ

የኛ ሰው አደጋ ሲመጣ «እግሬ አውጪኝ» ይላል። ካፖዌራም ከመምታት ይልቅ ማምለጥን አስቀድሞ ያስተምራል። በጡጫ ትግል ምት ሲመጣ በክንድ ይመከታል። አሥር ኪሎ የሚመዝን ተወርዋሪ እግር ግን በክንድ ቢመክቱት ክንድን ይሰብራል። ስለዚህ ተጫዋቹ አይመክትም፤ ይጐነበሳል። ይህ «ኤስኪቫ» ይባላል። ሕጉም ምቱ በሚሄድበት አቅጣጫ በሥሩ መውረድ ነው፤ ከነፋስ ጋር የሚያጐነብስ ስንዴ አይሰበርምና።

ከዚያ ዝቅ ሲል «ኔጋቲቫ» ይመጣል፤ እምቢታ ማለት ነው። ተጫዋቹ በአንድ እግሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ሌላውን ዘርግቶ፣ እጁን መሬት አስይዞ ከምቱ በታች ይተኛል። የተዘረጋው እግር ግን ሥራ አልፈታም። ባላጋራው እግሩን ወደ ላይ ወርውሮ በአንድ እግሩ ብቻ በቆመባት ቅጽበት፣ ያ የተዘረጋ እግር የቆመውን ቁርጭምጭሚት ጠልፎ ይጐትተዋል። ይህ «ራስቴይራ» ይባላል። አንድ ሰው የቱንም ያህል ከፍ አድርጎ ቢራገጥ፣ ራስቴይራ የሚያውቅ ሰው ካገኘው በመቀመጫው መሬት ላይ ይወርዳል። ሮዳውም ይሥቃል። የትዕቢተኛ ርግጫ መድኃኒት ይህ ነው፤ ደምም አያፈስም።

ሰንሰለቱና እውነቱ

ካፖዌራ በእግር የበዛው ባሮቹ እጃቸው በሰንሰለት ታስሮ ስለ ነበረ ነው ሲባል ይሰማሉ። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን የታሪክ ሊቃውንት ማስረጃ አላገኙለትም። እጁ የታሰረ ሰው ሸንኮራ አገዳ መቍረጥና ቡና መልቀም እንዴት ይችላል? መርከቦች ከአፍሪካ ወደ ብራዚል ያጋዟቸው ሰዎች ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ ናቸው፤ የተጋዙትም ለእጃቸው ሥራ ነበር።

አንዳንዶች ጥበቡ የመጣው በደቡብ አንጎላ የሜዳ አህያን ርግጫ ከሚመስል የወጣቶች ጭፈራ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ይህን ይከራከራሉ። በእጅ ያለው እርግጠኛ ነገር የሚከተለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሪዮ ዴ ጃኔሮ ፖሊስ መዝገቦች «ካፖዌራ» እየተባሉ ስለ ተያዙና ስለ ተገረፉ ባሮች ይናገራሉ። ሩጌንዳስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊም በ1835 ባሳተመው ሥዕል ሁለት ጥቁሮች በከበሮ ድምፅ ፊት ለፊት ሲወዛወዙ አሳይቷል፤ ሥዕሉንም የጦርነት ጭፈራ ብሎታል።

ባርነት በብራዚል የተሻረው በ1888 ነው። ነጻ የወጣው ሰው መሬት አልተሰጠውም፤ ካሳም አልተከፈለውም። ሁለት ዓመት አለፍ ብሎ በ1890 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ካፖዌራን በመንገድና በአደባባይ መጫወትን ወንጀል አደረገው። ቅጣቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር እስራት ነበር፤ የቡድን አለቃ ለሆነ ሰው እጥፍ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ በሪዮ ምላጭ ይዘው ከተማ የሚያውኩ ቡድኖች ነበሩ። ሕጉ ግን የመታውንም የጨፈረውንም አልለየም።

ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ የቢሪምባው ምት አለ፤ «ካቫላሪያ» ይባላል፣ ፈረሰኛ ጦር ማለት ነው። ድምፁ የፈረስ ኮቴ ይመስላል። ፈረሰኛ ፖሊስ ሲመጣ ተጫዋቹ ይህን ምት ያሰማ ነበር፤ ሮዳውም ይበተናል ወይም ተራ ጭፈራ ይሆናል። ፈረስ ወዳዱ አርሲ ኮቴ ከሩቅ መስማት ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ሁለቱ መምህራን

ጥበቡን ከመንገድ ወደ ትምህርት ቤት ያገቡት በባሂያ ክፍለ አገር በሳልቫዶር ከተማ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው።

አንደኛው ማኑኤል ዶስ ሬይስ ማሻዶ፣ በጥበብ ስማቸው መስትሬ ቢምባ ናቸው፤ «መስትሬ» ማለት መምህር ነው። ወደብ ላይ ጭነት በመሸከም ይተዳደሩ ነበር። አባታቸው «ባቱኪ» በሚባል እግር የመጥለፍ ትግል የታወቁ ነበሩና፣ ቢምባ ያንን ከካፖዌራ ጋር አዋሕደው ፈጠን ያለ አዲስ ስልት አወጡ። በ1932 ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1937 የመንግሥት ፈቃድ አገኙ። በ1953 በፕሬዚዳንት ዤቱሊዮ ቫርጋስ ፊት ደቀ መዛሙርታቸውን ይዘው ቀረቡ፤ ፕሬዚዳንቱም እውነተኛ ብሔራዊ ስፖርታችን ይህ ነው ብለው እንደ ነበር ይነገራል። ትናንት የሚያሳስረው ነገር ዛሬ የሚያስጨበጭብ ሆነ። ቢምባ ለተማሪዎቻቸው ከሰጡአቸው ደንቦች መካከል ማጨስና መጠጣት መተው፣ እንዲሁም ከሮዳ ውጭ ላሉ ጓደኞች ችሎታን ከማሳየት መቆጠብ ይገኙባቸዋል።

ሁለተኛው ቪሴንቴ ፌሬይራ ፓስቲኛ ናቸው። በ1889 ተወለዱ። በልጅነታቸው የደረሰውን ራሳቸው ሲናገሩ እንዲህ ነበር። አንድ ጐረምሳ የሰፈር ልጅ በመንገድ በተገናኙ ቍጥር ይመታቸው ነበር። ቤኔዲቶ የሚባሉ አፍሪካዊ ሽማግሌ ይህን በመስኮታቸው ያዩ ነበርና አንድ ቀን ልጁን ጠርተው ጥበቡን ያስተምሩት ጀመር። ሽማግሌው ያስተማሩት ርግጫ ብቻ አይደለም። አትተንኵስ፣ የምታውቀውን ቀስ እያልህ አሳውቀው እያሉ መከሩት። ከዚያ በኋላ ከዚያ ጐረምሳ ጋር የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ጠቡ በዚያው አበቃ፤ ጐረምሳውም የሚያከብራቸው ወዳጅ ሆነ።

ፓስቲኛ በ1941 ቀዝቀዝ ያለውንና ወደ መሬት የሚጠጋውን የቀድሞ ስልት የሚያስተምር ማኅበር አቋቋሙ፤ ስልቱም «ካፖዌራ አንጎላ» ይባላል። በ1966 በዳካር ከተማ በተደረገው የጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበብ በዓል ላይ ደቀ መዛሙርታቸውን ይዘው ተገኙ። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ከአፍሪካ በሰንሰለት የወጣው ሕዝብ ጥበብ በአውሮፕላን ወደ አፍሪካ ተመለሰ።

የሁለቱም መጨረሻ ግን የሚያሳዝን ነው። ቢምባ በ1974 ከተወለዱባት ባሂያ ርቀው ሞቱ። ፓስቲኛ ያስተምሩበት ከነበረው ሕንፃ ለእድሳት ተብሎ ተነሡ፤ ሕንፃው አልተመለሰላቸውም። ዐይናቸው ጠፍቶ፣ በድህነት፣ በ1981 ዐረፉ። የብራዚል መንግሥት ካፖዌራን በብሔራዊ ቅርስነት የመዘገበው በ2008፣ ዩኔስኮም የካፖዌራን ክብ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር ያሰፈረው በ2014 ነው። ክብሩ መጣ፤ ባለቤቶቹ ግን አልጠበቁትም።

የኛስ እግር?

በአገራችን ርግጫን ለወጣቱ ያስተማረው በይበልጥ የኮሪያው ቴኳንዶ ነው። ሰሎሞን ቱፋ የሚባል ኢትዮጵያዊ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ከ58 ኪሎ በታች ተወዳድሯል። በዚያ ውድድር ደንብ ቡጢ አንድ ነጥብ፣ ደረት ላይ ያረፈ ርግጫ ሁለት፣ ራስ ላይ ያረፈ ሦስት ነበር፤ ተሽከርክሮ ራስ የመታ ደግሞ አምስት ያገኛል። ከአርማዳ ጋር የሚመሳሰል ርግጫ ቶኪዮ ላይ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ነበረው ማለት ነው።

ልዩነቱን ግን ያስተውሉ። በቴኳንዶ ነጥብ የሚገኘው ምቱ ሲያርፍ ነው፤ ተወዳዳሪውም የራስ ቍርና የደረት መከላከያ አድርጎ ዳኛ ፊት ይቆማል። በካፖዌራ ነጥብም፣ መከላከያም፣ የሚያፏጭ ዳኛም የለም። ስለዚህ ዳኝነቱ በሚመታው ሰው ኅሊና ላይ ይወድቃል። አንዱን ከሌላው አናስበልጥም። ሁለቱን ሳይለይ ከስልክ ያየውን የሚሞክር ወጣት ግን የጓደኛውን መንጋጋ ሊሰብር ይችላል።

በኢተያም ሆነ በሌላ ከተማ ልጅዎ ወይም ታናሽ ወንድምዎ ይህን ጥበብ ልሞክር ቢልዎ አይቈጡት፤ ልጃገረድም ብትሆን አይከልክሏት፤ ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ሴቶች ይጫወቱታል። ይልቁንስ እነዚህን ይንገሩአቸው። ዢንጋንና ኤስኪቫን ሳያውቁ ርግጫ አይጀምሩ። ጠጠር የሌለበት መሬት ይምረጡ። ሲሽከረከሩ የቆሙበት እግር ተረከዝ ከመሬት ተነሥቶ እግሩ አብሮ ይዙር፤ እግሩ ተተክሎ ወገብ ብቻ ከዞረ ጉልበት ይጠመዘዛል። እጅን መሬት የሚያስይዙ ምቶችን ከመሞከራቸው በፊት አንጓቸውን ያፍታቱ። ከጓደኛ ጋር ሲሠሩ ርግጫው እንደ ኤሊ ይዘግይ፤ በዝግታ ያልተቻለ ምት በፍጥነት አይቻልም። ከሁሉ በላይ፣ ማቆም የማይችሉትን እግር አይወርውሩ።

ይህ የመጨረሻው ቃል የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ ነው። እግሩን መወርወር በቅሎም ትችላለች። በቅሎ ግን ያስቀየማትንና መኖ ያመጣላትን አትለይም፤ ምቷም ወርቅ ብቻ ነው፣ ሰም የለውም። የብራዚል ባሮች ከበቅሎ ይልቅ በተናቁበት ዘመን ሰው መሆናቸውን ያስመሰከሩት በዚህ ነው፤ መምታት እየቻሉ ተረከዛቸውን ከጉንጭ አንድ ስንዝር ላይ ማሳለፍን ጥበብ አደረጉት።

እንግዲህ በሚቀጥለው የገበያ ቀን በኢተያ በኩል ሲያልፉ ከበቅሎዋ ኋላ ራቅ ብለው ይሂዱ። አንድ ወጣት ሜዳ ላይ ሲወዛወዝ ካዩ ግን ጠጋ ብለው እግሩን ሳይሆን ዐይኑን ይመልከቱ። እግሩ የት ላይ እንደሚቆም የሚወሰነው በዚያ ነውና።